በቀጭን ውኃ መልካ ክፍት የቀረው ጉድጓድ

ቀን፦ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወረዳው የማዕድን ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ባለቤቴ የሞቱበት የድንጋይ ማውጫ ጉድጓድ እንዲደፈን ስለማመልከት

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ከሚወስደው መንገድ በታች፣ በቀጭን ውኃ ሸለቆ ነዋሪ ነኝ። ባለቤቴ ቄስ ገብረ ሕይወት ከወንዙ ማዶ ባለችው ቤተ ክርስቲያን ያገለግሉ ነበር። ድልድይ የለንም፤ የምንሻገረው በመልካው ነው። ውኃው በክረምት እንኳ ከጉልበት አያልፍም ነበር።

2. አንድ ሥራ ተቋራጭ ለመንገድ የሚሆን ድንጋይ ከወንዙ ሲያወጣ ከርሞ፣ ከመልካው በላይ በማሽን ጥልቅ ጉድጓድ ቆፈረ። ባለቤቴ ሄደው ቢያመለክቱ ሠራተኞቹ «ሳንሞላው አንሄድም አባ፤ ይልቅ ይባርኩን» አሏቸው። ባረኳቸው። ክረምቱ ሲገባ ሳይሞሉት ሄዱ።

3. በፍልሰታ ጾም ባለቤቴ ለቅዳሴ ወጡ። ጎርፉ የጉድጓዱን አፋፍ እየናደ እስከ መልካው አድርሶት ኖሯል። ውኃው ደፍርሶ ስለነበር አልታየም። ከኋላቸው ትመጣ የነበረችው ጎረቤቴ ብርነሽ «እስከ ጉልበታቸው ነበር። ከዚያ ጃንጥላቸውን ብቻ አየሁ» ብላለች። አስከሬናቸውን ወንዙ ከሚሰፋበት አገኘነው። ጥምጥማቸው ተፈትቶ ድንጋይ ላይ ቀርቶ ነበር፤ አጥቤ አሰጣሁት። ሰዉ አልቅሺ ይለኛል። እንባው አልመጣም። የማመለክተው ግን ስለዚህ አይደለም።

4. በመስከረም ማሽኑ ተመልሶ መጥቶ ከበላይ ሌላ መቆፈር ጀምሯል። የፊተኛውን እንዲደፍኑ ፎርማኑን አቶ ፍሥሐን ለመንኳቸው። «እማማ፣ የወሰዳቸው ውኃ ነው እንጂ እኛ አይደለንም» አሉኝ። «ውኃውንማ ከልጅነቴ ጀምሮ ስቀዳው አውቀዋለሁ፤ የማላውቀው ጉድጓዱን ነው» አልኳቸው። ማሽኑ ይጮህ ስለነበር አልሰሙኝም ይሆናል።

5. ስለዚህ ባለሙያ ተልኮ ቦታው እንዲታይልኝ፣ ጉድጓዱ ተደፍኖ መልካው እንደነበረ እስኪመለስ ድረስም አዲሱ ቁፋሮ እንዲቆም በትሕትና አመለክታለሁ።

በባለቤቴ ምትክ የተመደቡት ቄስ ቴዎፍሎስ ለአገሩ እንግዳ ናቸው። ባለፈው እሑድ ደጄ ቆመው መሻገሪያው በየት እንደሆነ ጠየቁኝ። ስለ ጉድጓዱ ነግሬያቸው፣ መልካውን በእጄ አሳየኋቸው። ሌላ የማሳያቸው መንገድ የለኝም።

ውሳኔዎን በአክብሮት እጠባበቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ወለተሐና ሠረቀብርሃን
(ፊርማ)