ነካሹ ሌላ፣ ተባራሪዋ ሌላ

ጥቅምት 3
እሑድ። ልብስ አጠብኩ፣ አሰጣሁ፣ ደከመኝ። ባለቤቴ አዲሱን የአልጋ ራስጌ ሲገጥም ዋለ። ከሥራ ቦታው፣ ከአሮጌ ሶፋ በወጣ ስፖንጅ የሠራው ነው። ላዩን ቡናማ ጨርቅ አልብሶታል። ሶፋ ማደስ ላይ እጁ ወርቅ ነው፣ እሱስ አይካድም። ወደ በሩ ራቅ እያለ ደጋግሞ አየው። «የሆቴል አልጋ አስመሰልኩት አይደል?» አስመስሎታል። ከሱ ጋር እንዲሄድ ብዬ ቡናማ አንሶላ አነጠፍኩ። ሰው በትንሽ ነገር እንዲህ ይደሰታል እንዴ?

ጥቅምት 9
እህቴ መጣች። አንድ ፌስታል፣ አንድ የተጠቀለለ ፍራሽ።
«ከዛ ሁሉ ዕቃ ፍራሽ ብቻ?»
«የኔ እሱ ብቻ ነው እትዬ።»
ያ ሾፌር ባሏ እንደገና መትቷታል። በግራ በኩል ሲያናግሯት አትሰማም፣ ፊቷን ታዞራለች። አንጀቴን በላችው። ስንት ዓመት ሙሉ «ተዪው፣ እኔ ጋ ነይ» ስላት ኖሬያለሁ... ይኸው መጣች።
ያለን አንድ ክፍል ነው። አልጋውን ከግድግዳው አላቀን አዞርነው፣ ራስጌው መሀል ላይ ቆመ፣ ከጀርባው መጋረጃ ሰቀልን። ከመጋረጃው ወዲያ የሷ ቤት ሆነ። ፍራሿን ከራስጌው ጀርባ ዘረጋች። ባለቤቴ «ቤትሽ ነው» አላት። ከልቡ መሰለኝ።

ጥቅምት 16
«እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አንገቷ ላይ ሦስት ቀያይ እባጮች፣ ክንዷ ላይ ሌላ ሦስት። ቢምቢ ነው አልኳት። ፋርማሲ ቆሜ ስሸጥ የምውለው የዚሁን ቅባት አይደል? አንድ አመጣሁላት። መስኮቱንም ዘጋን።

ጥቅምት 20
ቢምቢ አይደለም። መስኮት ተዘግቶ ባሰባት እንጂ አልተሻላትም። ከጎረቤት የምትመጣው ድመት ቁንጫ አራግፋ ይሆን? ግን ቁንጫ ከመሬት እየዘለለ ስለሆነ የሚነክሰው እግር ላይ፣ ቁርጭምጭሚት አካባቢ ነው የሚበዛው። የሷ አንገት፣ ክንድ፣ ትከሻ... ተሰልፎ ነው ያበጠው። አለቃዬን፣ ፋርማሲስቷን ጠየቅኋት። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። «ትኋን ነው። ፍራሹን ስፌቱ ላይ እዪው። አንሶላ ላይም ጥቁር ነጠብጣብ ይተዋል።»
አየሁ። የእህቴ ፍራሽ ስፌት ውስጥ አንድ ጠፍጣፋ ቡናማ ነገር። አይዘልም፣ አይበርም፣ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ስጨፈልቀው ደም። ነጩ አንሶላዋ በነጠብጣብ ተዥጎርጉሯል። ሮጬ የኛን ገለጥኩ። ቡናማው አንሶላ ላይ አንድም ነገር አላየሁም። ተመስገን አልኩ። አዎ፣ ተመስገን ነው ያልኩት።

ጥቅምት 22
ባለቤቴ እንደ ዳኛ ተቀመጠ። «እኔን ነክሶኛል? አልነከሰኝም። አንቺንስ?» እኔንም አልነከሰኝም። «ታዲያ ይዞት የመጣው ማን ነው?» ሒሳቡ ልክ ነበር። እንግዳ አንደኛው ቀን ወርቅ፣ ሁለተኛው ብር፣ ሦስተኛው ብረት ይላሉ። እኛ ቤት ብረቱም ዛገ።

ጥቅምት 24
ባለቤቴ የእህቴን ፍራሽ ግቢ አውጥቶ ጋዝ አርከፍክፎ አቃጠለው። ጎረቤት ሁሉ ወጣ። ከፊት ለፊት ያለችው ሴትዮ አፍንጫዋን ይዛ «ትኋን ነው?» ስትል፣ በአገጩ እህቴን አሳያት። በአገጩ! እህቴ በሩ ላይ ቆማ እሳቱን ታያለች። የኔ የምትለው እሱ ብቻ ነበር። እኔ? መጥረጊያ ይዤ አመዱን ስጠብቅ ነበር።

ጥቅምት 27
ብርድ ልብስ ላይ ነው የምትተኛው። አሁንም ይነክሳታል። ልብሷን በሙሉ ቀቀልነው፣ የምትወደው ቀሚስ ቀለሙ ለቀቀ። ባለቤቴ ድምፁን ሳይቀንስ «ከገላዋ ላይ ነው እንዴ የሚፈላው?» አለ። መጋረጃ ግድግዳ አይደለም። ዛሬስ በደህናው ጆሮዋ በኩል ነበርን።

ጥቅምት 29
ሄደች። «ባሌ ይቅርታ ጠይቆኛል እትዬ» አለች። ስልኳ ሳምንት ሙሉ እንዳልጮኸ አውቃለሁ። «በኔ የተነሳ ከጋሼ ጋር አትቀያየሙ።» ፌስታሏን ተቀብዬ እስከ ታክሲው ሸኘኋት። «ቅሪ» የምትል አንዲት ቃል ናት። ከአፌ አልወጣችም።

ኅዳር 4
ባለቤቴ ክንዱን እያሳየ፦ «አየሽ? ጸዳን።»

ኅዳር 8
ትራሴ ላይ አንድ አገኘሁ። ጠፍጣፋ፣ ቡናማ፣ የጠገበ። ከሥራ ቦታ ደውዬ መድኃኒት ረጪ ጠራሁ።

ኅዳር 9
መድኃኒት ረጪው መጣ። ክፍሉን ዞር ዞር ብሎ አየና ቀጥ ብሎ ወደ ራስጌው። የጀርባውን ጨርቅ በቢላ ሲቀደው... ልጽፈው አልችልም። ስፖንጁ ይንቀሳቀሳል። እንቁላሉ፣ ቅርፊቱ፣ ትንንሹ፣ ትልልቁ።
«ይሄ ስፖንጅ አሮጌ ነው?»
«ከአሮጌ ሶፋ የወጣ ነው።»
«ትኋኑም አብሮት ነው የመጣው። ከጀርባው የሚተኛ ሰው ነበር?»
«እህቴ።»
«እሷን አሳበጣት፣ እናንተን ግን አላሳበጣችሁም?»
«እኛን አልነከሰንም።»
ሳቀ። «ነክሷችኋል እንጂ። አንዳንድ ሰው ቆዳው አያሳይም። ቤት ሙሉ ሰው ተነክሶ አንዱ ብቻ ሊያብጥ ይችላል።» ቡናማውን አንሶላ ወደ መስኮቱ አስጠግቶ ዘረጋልኝ። ነጠብጣቡ ሞልቶታል። የእህቴን ገላ እንደ ማስረጃ ቆጠርነው፤ ለካ እሷ ለሁላችንም ስታብጥ ነበር።

ኅዳር 10
ለባለቤቴ ነገርኩት። ራስጌውን አይቶ ፊቱ ጠቆረ፣ ግን ለሌላ ነገር ነው።
«ለማንም እንዳትናገሪ። ደንበኛ ከሰማ ማን ሶፋውን ይሰጠኛል?»
«እህቴስ?»
«ታርቃ የለ? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»
ዝንብ ቢሆን ምን ነበረበት።

ኅዳር 12
እህቴ ዘንድ ሄድኩ። ሾፌሩ ሥራ ላይ ነው። ብርጭቆ ልታቀብለኝ ስትዘረጋ እጅጌዋ ወደ ላይ ሸሸ። ክንዷ ላይ አራት ምልክት፣ ጎን ለጎን።
«ምንድን ነው?»
«ትኋን ነው እትዬ። ከናንተ ጋ ይዤ መጥቼ ይሆናል።»
የትኋን ቀይ ነው፣ ያብጣል፣ ያሳክካል። ይሄ በልዟል፣ አያሳክክም፣ አራት ጣት ስፋት አለው። ለመለየት ፋርማሲስት መሆን አያስፈልግም።
ትኋኑ ከኛ ራስጌ እንደነበር ነገርኳት። ትደነግጣለች፣ ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አልተቆጣችም።
«አውቃለሁ። ከራስጌው ስፌት ሲወጣ አይቼዋለሁ። አፍንጫዬ ስር አይደል የነበረው?»
«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»
«ብነግርሽ ማንን ታምኚ ነበር?»
መልሱን እሷም አወቀችው፣ እኔም። «ነይ እንሂድ» አልኳት በመጨረሻ። «እስቲ... አያለሁ» አለች፣ ብርጭቆውን እየጠረገች።

ኅዳር 13
ጠዋት ጎረቤቶቹ ቧንቧው ጋ ባልዲ ይዘው ተሰልፈዋል። ከፊት ለፊት ያለችው ሴትዮም አለች። ባለቤቴ ጥርሱን እየፋቀ አጠገቤ ቆሟል። «ትኋኑ የኛ ነበር፣ ባለቤቴ ካመጣው ስፖንጅ ነው የመጣው፣ እህቴ ምንም አላመጣችም» አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ። ሴትዮዋ ባልዲዋን ረስታ ፈሰሰባት። ባለቤቴ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋው። ከዚያ ወዲህ አያናግረኝም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ።

ኅዳር 16
ፍራሽ ገዛሁ። መጋረጃው እንዳለ ነው። ልነግራት ደወልኩ። ያነሳው ሾፌሩ ነው።
«ተኝታለች።»
«በጠራራ ፀሐይ?»
«አሟታል። የሆነ ነገር ነክሷት ፊቷ አብጧል።»
ፊቷ። ድምፁ እንደ ጎረቤት የተረጋጋ ነው። ሳላስጨርሰው ስልኩን ዘጋሁት።
ባለቤቴን አብረን እንሂድ አልኩት። በሦስት ቀን አንድ ቃል ወጣው፦ «የሰው ትዳር ነው።»
አለቃዬን አስፈቅጃለሁ፣ ዛሬ አትምጪ ብላኛለች። ቦርሳዬ በሩ ላይ ነው። ብቻዬን እሄዳለሁ። ምን እንዳበጠ በዓይኔ አይቼ፣ ይዣት ካልሆነ ወደዚህ ቤት አልመለስም።