ባንክ ላስቀጠረችኝ እናቴ

እማዬ፣

ዓመትሽ ደረሰ። የእድሩ ሰዎች ስለ ድንኳኑ ጠይቀውኝ ሄደዋል፣ የሚገዛው ሁሉ ተገዝቷል፣ የሸማ ተራ ባልደረቦችሽም እሁድ ለሙት ዓመትሽ አንድም ሳይቀሩ እንደሚመጡ ነግረውኛል። እንዴት ነሽ ብዬ አልጀምርም። አንቺ ሁልጊዜም ደህና የምትሆኚበትን መንገድ አታጪም፤ ደህና ያልሆንነው እኛ ነን። ናፍቀሽኛል፣ እሱን አልክድም፤ ብዕር ያስነሳኝ ግን ንዴት ነው። እሁድ ሰው ተሰብስቦ ሲያወድስሽ አንገቴን ደፍቼ መቀመጤ አይቀርም፤ ከዚያ በፊት የሆነውን ከእኔ አፍ ስሚው።

ቤቱ እንዳለ ነው። ጣሪያው ክረምት ላይ አፍስሶ አሠርቼዋለሁ። ቀበሌዎች ቤቱን ወደ ስሜ ለማዞር ዛሬ ነገ እያሉ ያመላልሱኛል። አውቶቡስ ተራ በባቡሩ ቁፋሮ እንደተገለባበጠ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ጫማዬ በጭቃ ተለውሶ ሥራ እገባለሁ። ሥራ የሚለውን ቃል እንኳ እኔና አንቺ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነበር የምንናገረው።

ነርስነት ተመርቄ የምደባ ዕጣ ያወጣንበትን ቀን ታስታውሺያለሽ። ጓደኞቼ ክፍለ ሀገር ደርሷቸው ሲላቀሱ ለእኔ ከቤታችን በእግር የሚደረስ ሆስፒታል ደረሰኝ። ደስታዬን ልነግርሽ እየሮጥኩ ሱቅሽ መጣሁ። ጋቢ እያጠፍሽ ነበር፤ አማኑኤል ስልሽ እጅሽ ቆመ። «ሌላ ቦታ ይቀይሩልሽ» አልሽ። አልፈልግም ስልሽ፣ «እንግዲያው ለሰው ትንፍሽ እንዳትዪ፤ የእብድ አስታማሚ ተብለሽ ማን ሊያገባሽ ነው» አልሽና ወደ ማጠፍሽ ተመለስሽ። ልጅ ሳለሁ፣ በበዓል ሰሞን ገበያው ሲጦፍ፣ በዚያው የጋቢ ክምር ላይ አስተኝተሽኝ ትሸጪ ነበር። ከዚያ ላይ ሆኜ እጅሽን ሳይ ነው ያደግኩት። እንከን ያለበትን ጋቢ እንከኑን ወደ ውስጥ አድርገሽ ታጥፊው ነበር፤ እኔንም እንደዚያው አጠፍሽኝ።

ከዚያ ሕጉ መጣ። ጋዎኔ ቤት ውስጥ አይታጠብም። ከሥራ ስገባ በሩ ላይ ሳሙናና ውሃ ይጠብቀኛል። እብደት በእጅ ተይዞ የሚመጣ ይመስል፣ ሳልታጠብ አጠገብሽ አልቀመጥም። አንድ ቀን አንዲት ታማሚ ፀጉሬን ይዛ መሬት ላይ ጣለችኝ፤ ጉልበቴ ተልጦ እያነከስኩ መጣሁ። «እጅሽን ታጠቢ» አልሽኝ። ከወራት በኋላ ያችው ሴት ድና፣ አምራና አጊጣ፣ ከነባሏ ልትጠይቀኝ መጣች። «ሲስተር፣ ያን ቀን ያደረግኩሽን ነገሩኝ» ብላ ጉንጬን እያገላበጠች ስትስመኝ፣ በሕይወቴ እንደዚያ የሆንኩበት ቀን የለም። ልነግርሽ እየበረርኩ መጣሁ። «እጅሽን ታጠቢ» አልሽኝ። ወድቄ የመጣሁ ቀንም፣ ተነስቼ የመጣሁ ቀንም ያው ሳሙና ነበር።

እኔ ዝም ያልሽ መስሎኝ ነበር። ዝም አላልሽም ለካ። ባንክ እንደምሠራ የሰማሁት ለቅሶሽ ላይ ነው። ከሱቅሽ ፊት ለፊት ኩታ የሚሸጡት ጋሼ ወልዴ አጠገቤ ተቀምጠው እንደሚገባ አልቅሰው ሲያበቁ፣ ከደረት ኪሳቸው የተቀዳደዱ ብሮች አውጥተው «ልጄ፣ ሥራ ስትገቢ በአዲስ ትቀይሪልኛለሽ» አሉኝ። ሐዘን የነካቸው መስሎኝ በሙያዬ እጃቸውን ያዝ አደረግኩ። ቀጥሎ አንዷ ባንኩ የስንት ቀን ፈቃድ እንደሰጠኝ ጠየቀችኝ። ተረኛ ሆኜ የማድርባቸውንም ቀኖች «ሒሳብ ሲዘጉ ያድራሉ» ብለሽ አስረድተሽ ኖሯል፤ ሰፈሩ ያንን ጨካኝ ባንክ ሲረግምልኝ ነው የከረመው። ሳቄ መጣ። ነጠላዬን አፌ ላይ ብጠቀጥቅ ያለቀስኩ መስሏቸው አብረውኝ አለቀሱ።

እንዴት ሳይነቃብሽ ቀረ ብዬ ብዙ አሰብኩ። ለካ ነገሩ ቀላል ነው። እዚያ ግቢ ጋዎን ለብሼ ያየኝ የመርካቶ ሰው ሁሉ፣ አየኋት ብሎ ቢያወራ «አንተስ እዚያ ምን ልትሠራ ሄድክ?» ይባላል። ኮሪደር ላይ ዐይን ለዐይን ስንጋጭ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረ ጎረቤት አውቃለሁ። ሰው ሁሉ የራሱን ሊደብቅ ሲል ያንቺንም ደበቀልሽ።

እማዬ፣ እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ይቅር ብዬሽ፣ አንድ ቀን እየሳቅኩ ለምወልዳቸው ልጆች አወራው ነበር።

ለቅሶ ቤት ሬዲዮ አይከፈትም። ያንቺ ሬዲዮ ግን በሕይወት ሳለሽ ከማለዳ እስክትተኚ ይጮህ ነበር። ጆሮሽ የደከመ መስሎኝ ላስመርምርሽ ብዬሽ አውቃለሁ፤ ተቆጣሽኝ። ከሰልስትሽ በኋላ፣ ሰው ቀለል ያለበት አንድ ከሰዓት ላይ፣ አልጋሽ ላይ ጋደም እንዳልኩ ከግድግዳው ወዲያ ድምፅ ሰማሁ። የሴት ድምፅ ነው። ትናገራለች፣ ዝም ብላ ታዳምጣለች፣ ተቆጥታ ትመልሳለች፤ የሚያናግራት ግን የለም። ከሰው ጋር የሚያወራንና ከማይታይ ጋር የሚያወራን መለየት እንጀራዬ ነው። ብድግ ብዬ ቁጭ አልኩ።

ከግድግዳው ወዲያ ያሉት እትዬ ዘይነባ ናቸው። በአንድ የጭቃ ግድግዳ ተለያይተን፣ በፋሲካና በኢድ ሳህን ስናመላልስ የኖርን ጎረቤታሞች ነን። ሰሚራ ልጃቸው ከእኔ ሁለት ክፍል ትበልጥ ነበር፤ የልጅነት ፀጉሬን የምትጎነጉንልኝ እሷ ነበረች። ወራቤ አያቷ ጋ ሄደች ከተባለ ዓመታት አልፈዋል፤ እኔም ሳላጠያይቅ አምኜ ተቀምጫለሁ። ሄጄ በሩን ቆረቆርኩ። እትዬ ዘይነባ ገርበብ አድርገው «ሬዲዮ ነው ልጄ» አሉኝ። እትዬ፣ እኔ ነርስ ነኝ፣ የምሠራው አማኑኤል ነው አልኳቸው። በሐዘኔታ አዩኝ። «ሐዘን ነው፤ ሂጂና ትንሽ ጋደም በይ» አሉኝ። ያንቺ ባንክ እዚያም ደርሶ በር ዘጋብኝ። ተመልሼ የሥራ ባጄን አምጥቼ ሰጠኋቸው። ፎቶዬን አዩ፣ ፊቴን አዩ፣ ከዚያ ደጃፋቸው ላይ ቁጭ አሉ።

ሰሚራ ወራቤ አልሄደችም። ጓዳ ውስጥ ነበረች። ሼሁ ጋ ወስደው ሲያቅታቸው፣ ሰው እንዳያያት ቆልፈውባት ከእሷው ጋር ተቆልፈው ኖረዋል። ይህን የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረም፤ ካንቺ በስተቀር። «እናትሽ ነፍሷን ይማረውና፣ በየዓርቡ ሱቋን ዘግታ መጥታ አብራኝ ታጥባት ነበር። እህቴ አላደረገችልኝም» አሉኝ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «እዚያ እንደምትሠሪ እናትሽ ታውቅ ነበር?»

ምን ትዝ እንዳለኝ ልንገርሽ። አንድ እሁድ ቁጭ ብለን ሳለ ከመሬት ተነስተሽ «ከነዚያ ሰዎች የሚድን አለ?» ብለሽኝ ነበር። ስለ ሥራዬ የጠየቅሽኝ ያኔ ብቻ ነው። ደስ ብሎኝ ስለ መድኃኒቱ፣ ድነው ሥራ ስለገቡት፣ ስላገቡት፣ ስለወለዱት ለፈለፍኩልሽ። ሳልጨርስ ተነስተሽ ሬዲዮውን ጨመርሽው። ሰለቸኋት ብዬ አዝኜ ነበር። መልሱን ስላገኘሽ ነበር ለካ።

ታውቅ ነበር ማለት ነበረብኝ። የመቃብርሽ አፈር ግን ገና አልደረቀም፤ እሳቸውም እንደ እህት እያለቀሱልሽ ነው። «አታውቅም፤ እሷንም ባንክ ነኝ ብዬ ነበር የማታልላት» አልኳቸው። ሞተሽም አስዋሸሽኝ። ሌላውን ሁሉ ብተውልሽ ይህን አልተውልሽም።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ብታዪ ትደነቂያለሽ። ለእትዬ ዘይነባ ያልኩት ወጣና ሰፈሩ ነገሩን ገለበጠው። አንቺ የልጅሽን ውሸት ተሸክመሽ የሞትሽ የዋህ፣ እኔ እናቷን ያታለለች ሆንኩ። ጋሼ ወልዴ አንድ ሽማግሌ አስከትለው ቤቴ ድረስ መጡ። ሙት ዓመትሽ ሳይደርስ መቃብርሽ ላይ ሄጄ ይቅርታ እንድልሽ መከሩኝ። እኔ ካንቺ ይቅርታ ልጠይቅ! የተቀደዱትን ብሮች ግን መልሰው አልወሰዱም።

ሰሚራን ግን ባጄን ለእናቷ ባሳየሁ ማግስት እጇን ይዤ አወጣኋት። ብርሃኑ ስለከበዳት ነጠላዬን ራሷ ላይ ጣል አድርጌላት፣ እናቷ ከኋላ እየተከተሉን፣ በእግራችን ሄድን። መንገድ ላይ ማን አየን ማን አላየንም ብዬ ዞር አላልኩም። መጀመሪያ የተሰጣት መድኃኒት አልተስማማትም፤ ሐኪሙ ቀየረላት። እንቅልፏ መጣ፣ ከዚያ የምግብ ፍላጎቷ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ እሷ ራሷ መጣች። ወፍራለች፤ እጇ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ከሰዓት በኋላ ደጃፍ ላይ ወጥታ የሰፈሩን ሴት ልጆች ፀጉር ትጎነጉናለች። እኔ እሷን ባየሁ ቁጥር ደስታዬና ንዴቴ እኩል ነው የሚመጡት። ይህ ሁሉ ከዓመታት በፊት ሊሆን ይችል ነበር። ወጣትነቷ ጨለማ ውስጥ ያለቀው አንቺ ጎረቤት እንዳይሰማ ስለፈለግሽ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ባለፈው ሳምንት እትዬ ዘይነባ እያለከለኩ መጡ። «ሂሩትዬ፣ ደግሞ ጀመራት። መድኃኒቱን ይጨምሩላት» አሉኝ። ምን አለች ብዬ ጠየቅኳቸው። እሳቸው እኔን ስለ ውሸቴ ሲያሙ ሰምታ ሰሚራ ተቆጣች። «እናቷ ታውቅ ነበር። ስታጥበኝ በጆሮዬ ትነግረኝ ነበር። ልጄ ሐኪም ናት፣ እንዳንቺ ያሉትን ታድናለች፣ እሷን የሚያህል የለም ትለኝ ነበር። አንቺንም ሂሩትን ጥሪልኝ እያልኩ ለምኜሻለሁ» አለቻቸው። እትዬ ዘይነባ ይህን እየነገሩኝ ያለቅሳሉ። በፊትም ሲብስባት ስሜን እየጠራች ትጮህ እንደነበር አልረሱትም። ባንክ የምትሠራ ልጅ ምን ታደርግላታለች ብለው የበሽታው አድርገውት ነበር።

እማዬ፣ ኮርተሽብኝ ነበር! እኔ ያንን አንድ ቃል ካንቺ ለመስማት ስንት ዓመት ደጅ ጠናሁ። አንቺ ግን ብትናገር ማንም ለማያምናት ሰው ነገርሽው። እሷ መዳን እንደምትችል፣ የምታድናትም ከግድግዳው ወዲህ እንዳለች ነግረሻት ተነስተሽ ወደ ቤትሽ ትመጪ ነበር። ማታ ደግሞ እዚህ ከእኔ ጋር ራት ትበያለሽ። ከዚህ የከፋ ነገር ሰው በሰው ላይ ሲያደርግ እዚያ ግቢ ውስጥ እንኳ አላየሁም።

እትዬ ዘይነባ መልሴን ይጠብቃሉ። እሺ ለሐኪሙ እነግርልዎታለሁ ብል ስምሽ ይተርፋል፤ ሙት ዓመትሽም በሰላም ያልፋል። ሰሚራ ግን የሰማችውን በጆሮዋ፣ ያየችውን በዐይኗ እየተጠራጠረች ልትኖር ነው። እውነት በተናገረች ቁጥር መድኃኒት ሊጨመርላት ነው። «እትዬ፣ ሰሚራ አልታመመችም። የተናገረችው እውነት ነው። እማዬ ታውቅ ነበር፤ እርስዎን የዋሸሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

አልጮሁም፣ አልተሳደቡም። ሻርፓቸውን አጥብቀው ተነሱና ሄዱ። ከዚያ ወዲህ አላነጋገሩኝም። ለእሁዱ ትልቁን ድስታቸውን ሊያውሱኝ ቃል ገብተው ነበር፤ ይስጡኝ አይስጡኝ አላውቅም፤ ሄጄ ለመጠየቅም ፊት የለኝም። ለሰፈሩ ነግረው ከሆነም ገና አልሰማሁም። ቢናገሩም አልፈርድባቸውም።

ሰሚራ ግን እሁድ መቃብርሽ ድረስ አብራኝ ልትመጣ ነው። ለምን ብዬ ጠየቅኳት። «ውሃውን ሳታሞቅልኝ አጥባኝ አታውቅም» አለች። የእሷ ይቅርታ የእሷ ነው፤ ልቀማት አልችልም፤ የእኔ ግን ገና ነው፣ አትጠብቂው።

አልረሳሽም። ሰፈሩ የሚያለቅስላትን የተታለለች ምስኪን አላውቃትም፤ ለእሷ ሻማ አላበራም። ዓርብ ዓርብ ሱቋን ዘግታ የምትሄደውን፣ ውሃ አሙቃ የሰው ልጅ የምታጥበውን፣ የልጇን ሙያ በኩራት በጆሮዋ የምትነግራትን፣ ከዚያ የጓዳው በር ከውጭ ሲቆለፍ ቆማ የምታየውን ሴት ነው የማስታውሳት። እናቴ እሷ ናት፤ እስክሞት ድረስ አንዱንም ሳልቀንስ አስታውስሻለሁ።

ልጅሽ፣
ሲስተር ሂሩት