ከኒካሽ በፊት ደምሽን አስመርምሪ

ለውድ እህቴ ለእትዬ ፋሪሃ፣

አሰላሙ አለይኩም። እንደምን ሰንብተሻል? የከሚሴ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? የአያታችን ጉልበት ተሻላት ወይ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ደህና መሆን ከተባለ። የሙስዐብ ጫማ እስካሁን በር ላይ ነው። የሚያነሣው ጠፋ።

በስልክ ስንገናኝ ለቅሶው እየቀደመን ያልነገርኩሽን ልጻፍልሽ። ትንሹን ወንድማችንን የወሰደው ወባ አልነበረም። እዚህ ሚንጀሊያ ይሉታል፤ ቀይ የደም ሕዋስ እንደ ማጭድ እየጎበጠ ደም ሥር የሚዘጋበት፣ ከእናትም ከአባትም ሲወረስ የሚያሳምም ነው። መጀመሪያ እጆቹ ያበጡ ጊዜ ክሊኒክ ወሰድነው። አባዬ ከምዕራብ ሱዳን፣ ከኮርዶፋን መሆኑን ሲሰሙ ደሙን ሊመረምሩ ነበር። እማዬ ግን «እኔ የወሎ ሰው ነኝ፤ በእኛ ወገን እንዲህ ያለ በሽታ የለም» አለች። እነሱም «እናቱ ሐበሻ ከሆነችማ አይሆንም» ብለው የወባ መድኃኒት ሰጥተው ሸኙን። ከዚያ ወዲህ በታመመ ቁጥር ወባ ነው እያልን ኖርን።

ለቅሶ ላይ የአባዬ እህቶች «የሐበሻ ደም ነው» አሉ። እዚሁ ካርቱም ሪያድ ሰፈር በሰው ቤት የሚሠሩት የእማዬ ጓደኞች ደግሞ «የምዕራብ ሱዳኖቹ በሽታ ነው» ብለው መለሱ። እማዬ መሐላቸው ተቀምጣ ነበር።

ከሰደቃው በኋላ ሙስዐብን መጨረሻ ላይ ያከመችው ዶክተር ሁላችንንም መረመረችን። በምዕራብ ሱዳን ሰዎች ዘንድ እንደሚበዛ፣ በሐበሻ ደገኞች ዘንድ ጥቂት እንደሆነ ነገረችን። «ጥቂት ማለት ግን የለም ማለት አይደለም» አለች። አባዬም እማዬም ተሸክመውታል። እኔም ከአንዳቸው ወርሻለሁ፤ ከአንድ ወገን ብቻ ስለሆነ አያሳምመኝም። ትምህርት ቤትም ተመልሻለሁ።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። ሁዘይፋ እጮኛሽ ብቻ ሳይሆን የአባዬ ወንድም ልጅ ነውና እሱም ተመረመረ። መርፌውን ሲያይ «ያላ! ጥሎሽ ወርቅ መስሎኝ፣ ደም ነው እንዴ?» ብሎ አሳቀኝ። ከቀብሩ ወዲህ የሳቅሁት ያን ጊዜ ነው። ውጤቱ ሲመጣ ግን ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። እሱም ተሸክሞታል። አንቺም ካለብሽ የምትወልጂው እያንዳንዱ ልጅ ከአራት አንድ ዕድል እንደ ሙስዐብ ይታመማል። «እጠብቃታለሁ በላት። ብትተወኝም አልቀየማትም» ብሏል።

አያታችንን ጉልበቷን ሳሚልኝ። አጎቴ ጀምበሬን፣ ባለቤቱን ሬሕማን፣ ሕፃኑንም ሰላም በይልኝ። አባዬ ዱዓ ያደርግልሻል። እማዬ አጠገቤ ናት፤ የምትልሽ ይህን ነው፦ «ልጄ፣ ደሴ ሆስፒታል ሂጂ። ወገንሽ ከወዴት ነው ሲሉሽ፣ መጀመሪያ ክንድሽን ዘርጊላቸው።»

ወንድምሽ ሳዲቅ
ካርቱም ባሕሪ፣ ጥር 12 ቀን 2015 ዓ.ም.