ከበሮው ዝም ሲል ስለተኙት ሕፃናት

ለተከበሩ ጓድ ስብሐት፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር
ጉለሌ፤ ጥቅምት 1972 ዓ.ም.

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኛ የቀበሌው መዋዕለ ሕፃናት ሰዎች ከጋሽ መሸሻ በቀር ሁላችንም ደኅና ነን። ልጆቹን ከበሮ የሚያጫውቱት ጋሽ መሸሻ በእርስዎ ቸርነት ከአብዮት በዓል ጀምሮ ከጽሕፈት ቤትዎ ጀርባ ታስረው ይገኛሉ። እንዲፈቱ ያመለከትነው ሁሉ መልስ ስላጣ ይህችን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በመለጠፌ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

1ኛ. ጨዋታውን አስቀድሜ አለማስረዳቴ ጥፋቴ ነው። ጋሽ መሸሻ ከበሮ ሲመቱ ልጆቹ በምቱ ልክ እያጨበጨቡ ይዘላሉ፤ ሲፈጥን ይፈጥናሉ፣ ሲዘገይ ይዘገያሉ። ከበሮው ድንገት ዝም ካለ ጅብ መጣ ማለት ነውና ሁሉም መሬት ላይ ተኝተው ትንፋሻቸውን ይውጣሉ። ከእንጦጦ የሚወርደውን ጅብ ሌሊት ሌሊት ለሚሰሙ የሰፈራችን የቁስቋም ልጆች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

2ኛ. በበዓሉ ዕለት ሕፃናቱን ከሰልፉ ፊት እንዲቆሙ ስላዘዙልን ወላጆች ያመሰግናሉ፤ በተለይ ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ የመታቸው ልጆች ወላጆች። የኪነት ቡድኑ ከበሮውን ሲደልቅ ቆይቶ እርስዎ ለንግግር ሲነሡ አቆመ። ልጆቹም እንደለመዱት ጭቃው ላይ ተኙ። ሕዝቡ ሳቀ፤ እኔም ስቄያለሁ፣ የሚመዘገብ ከሆነ ይመዝገብልኝ።

3ኛ. «በፊቴ ሬሳ መስሎ መተኛት የማን መልእክት ነው?» ብለው ሲጮኹ ግን ሳቁ ቆመ። አራት ዓመት ያልሞላት ብርነሽ ስለ ሬሳ ምን ታውቃለች? በነዚያ የቀይ ሽብር ዓመታት በየመንገዱ ዳር የወደቀውን እንዳታይ እናቷ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ እየጣለች ነው ያሳደገቻት። ያንን ቃል ልጆቻችን መሀል ያመጡት እርስዎ ነዎትና ለዚህ ይቅር አልልዎትም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ ከልጥ የሸሸ ሰው ግን ልጡን ሲያስር አልሰማንም።

4ኛ. ከበሮውም ለምርመራ ተወስዷል። እስካሁን ምንም እንዳላመነ ሰምተን ኮርተንበታል።

ጋሽ መሸሻ ሽማግሌ ናቸው፣ ደረታቸውም ብርድ አይችልም። ልጆቹ በየጠዋቱ በር ላይ ቆመው ይጠብቋቸዋል። እኔ በጣሳ ልመታላቸው ሞክሬ ነበር፤ ምቱን ስለምስት ይስቁብኛል፣ ቀጥለውም መቼ ይመጣሉ ብለው ይጠይቁኛል። እባክዎ ሰውየውን ይፍቱልን።

ለሊቀመንበርነትዎ ከሚገባው እጅግ በላቀ አክብሮት፣ ጉልበትዎ ሕፃናትን ከመማረክ ለሚበልጥ ድል እንዲተርፍ በመመኘት፣

ደሳለች ወልዱ
የመዋዕለ ሕፃናቱ አስተማሪ
(ዘበኞችዎ ፍለጋ እንዳይደክሙ፣ ቀኑን ሙሉ ክፍሌ ውስጥ ነኝ።)

የተረሳ ነገር፦ መርማሪዎችዎ ጋሽ መሸሻን «ጅቡ ማን ነው?» እያሉ እንደሚያስጨንቋቸው ሰማሁ። ልረዳዎ ብዬ ልጆቹን በየተራ ጠየቅኋቸው፤ ጅብ ነው አሉኝ። ወላጆቻቸውንም ጠየቅሁ፤ እነሱም ጅብ ነው አሉኝ። በቀበሌው ውስጥ ጅቡ ጓድ ስብሐት ይሆናል ብለው የጠረጠሩት እርስዎ ብቻ ነዎት።