ጉዳዩ፦ ለበሬው የተደረገው ጥበቃ ለባለቤቴም እንዲደረግላት ስለመጠየቅ

ለተከበሩ የመካነ መቃብርና የአጽም ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ይህ ደብዳቤ ክቡርነትዎን ከነሙሉ ጤንነትዎ፣ ከነወንበርዎና ከነማኅተምዎ እንዲያገኝዎት ከልብ እመኛለሁ። እኔ ጡረታ የወጣሁ ልብስ ሰፊ ነኝ። ዓይኔ ከመድከሙ በቀር ደህና ነኝ፤ ለዚህም ፈጣሪን፣ ከእሱ ቀጥሎ ደግሞ መሥሪያ ቤትዎን አመሰግናለሁ፤ እናንተ ጓሮዬን በገመድ ካጠራችሁት ወዲህ ለመጸዳዳት ሦስት ቤት አልፌ ስለምሄድ፣ በስተርጅና የእግር ጉዞ ለምጃለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ከሥሩ ልናገር። ባለፈው ዓመት ጓሮዬ ውስጥ የመጸዳጃ ጉድጓድ ሳስቆፍር አንድ ረዘም ያለ አጥንት ወጣ። ጎረቤቴ ባለ ልኳንዳው በአጥሩ ላይ አንገቱን ብቅ አድርጎ አየና፣ «ይሄማ የበሬ ቅልጥም ነው፤ የኔው ቡቺ ቀብሮት ነው» አለኝ። ቡቺ ውሻው ነው። አርፌ ብቀመጥ ምን ነበረበት? እኔ ግን «የሰው አጽም አግኝቶ ያላስመዘገበ ይቀጣል» የሚለውን ማስታወቂያዎን በሬዲዮ ሰምቼ ስለነበር፣ ለማንኛውም ብዬ፣ ጣጣዬን በገዛ እግሬ ሄጄ አስመዘገብኩ። ስለተደረገልኝም ነገር ሁሉ በቅደም ተከተል ላመስግን።

፩ኛ. የአጽም ባለሙያዎ ሥልጠና ላይ ስለነበሩ የጽሕፈት ቤቱን ሾፌርና ጸሐፊዋን ኮሚቴ አድርገው ስለላኩልኝ አመሰግናለሁ። ሾፌሩ አጥንቱን በስንዝር ለካ፣ ጸሐፊዋ ጻፈች። ሪፖርታቸውም ሟች ግዙፍ፣ ትከሻው ሰፊ፣ በሕይወት ዘመኑ ከባድ ነገር በመጎተት የደከመ፣ ምናልባትም በእርሻ ሥራ የኖረ መሆኑን ገለጸ። በዚህ ላይ አንዲት ቃል አልቃወምም።

፪ኛ. ሕጉ ከአጽሙ ሃምሳ እርምጃ ርቀት ውስጥ መቆፈርን፣ ተሽከርካሪ ማቆምንና ያለ ፊርማ መግባትን ይከለክላል። መኝታ ቤቴ የሚገኘው አሥራ ሁለት እርምጃ ላይ ነው። ስለዚህ ልተኛ ስገባ ጓሮዬ ያቆሙት ጥበቃ፣ ጨዋ ሰው ናቸው አልዋሽም፣ «አባባ፣ ይፈርሙና ይግቡ» ብለው የጎብኚዎች መዝገብ ያቀርቡልኛል፤ እኔም «የመጡበት ምክንያት» በሚለው ሥር «እንቅልፍ» ብዬ እሞላለሁ። ዶሮዎቼም በክልሉ ውስጥ በመጫር ሁለት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሷቸዋል። ልጄ አንብባላቸዋለች።

፫ኛ. በመሥሪያ ቤትዎ ዓመታዊ ቀን ጓሮዬ ድረስ መጥተው የአበባ ጉንጉን ስላኖሩና «ያልታወቀው አያታችን ሆይ» ብለው ስለጀመሩት ንግግር ከፍ ያለ ምስጋና አቀርባለሁ። ባርኔጣዬን አውልቄ ቆሜ ሰምቻለሁ። ከተሰበሰበው ሕዝብ መካከል ከልቡ ያለቀሰው ግን ቡቺ ብቻ ነበር፤ ገመዱን አልፎ አጥንቱን ለመውሰድ ሲፍጨረጨር እርስዎ «እንስሳው እንኳ ሐዘን ገባው» ማለትዎን አልረሳውም።

፬ኛ. ባለ ልኳንዳውን ምስክር አድርጌ አጥንቱ የበሬ ነው ብዬ ላቀረብኩት አቤቱታ፣ «አጽሙ የበሬ መሆኑን ሊወስን የሚችለው ባለሙያው ብቻ ነው፤ ባለሙያው እስኪመለሱ ሕጉ በሙሉ ኃይሉ ይሠራል» ሲሉ በማኅተም አስደግፈው ስለመለሱልኝም አመሰግናለሁ። ይህችን ወረቀት በጥንቃቄ አስቀምጫታለሁ።

የሚቀጥለው ምስጋና ስላልሆነ አምስተኛውን ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም። ባለቤቴ ከስድስት ዓመት በፊት ያረፈችው ከመሥሪያ ቤትዎ ጀርባ ካለው መቃብር ነው። አርባ ዓመት አብረን ኖረናል፤ እኔ ስሰፋ እሷ ቁልፍ ትተክል ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ወንበሬን ይዤ እሄድና የሳምንቱን ወሬ እነግራታለሁ፤ የበሬውንም ነገር ነግሬያት ነበር። ባለፈው ወር ስሄድ ግን ግንቡ ፈርሶ፣ ጠጠር ተደልድሎ፣ የመቃብር ድንጋዮቹም በኖራ ቁጥር ተጽፎባቸው ግድግዳ ተደግፈው አገኘሁ። እሷ ካለችበት ላይ «ለኃላፊ ብቻ» የሚል ሰሌዳ ቆሟል፤ ከሰሌዳው ፊት ደግሞ የክቡርነትዎ መኪና ቆሟል። ወንበሬን ዘርግቼ ልቀመጥ ስል የመኪና ማቆሚያው ጥበቃ፣ «አባባ፣ መኪና ከሌለዎት እዚህ መቆም አይቻልም» አለኝ።

መዝገብ ቤት ገባሁ። እዚያ ያለችው ልጅ አዘነችልኝና ቅጹን አወጣችልኝ። ቅጹ ግን «አጽሙ የተገኘበት ቀን» ይላል። የባለቤቴ አጽም ጠፍቶ ስለማያውቅ አልተገኘም፤ ካልተገኘ ፋይል አይከፈትለትም፤ ፋይል ከሌለው ደግሞ ሕጉ አያውቀውም። «ጠፍተው ቢሆን ኖሮ ይቀል ነበር» አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ሳቄ አለቀ። ወጥቼ ጠጠሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ለበሬ የአበባ ጉንጉን፣ ለሚስቴ የመኪና ጎማ እንዴት ይሆናል ብዬ የምጠይቀው ሰውም አጣሁ።

ስለዚህ የምለምነው ብዙ አይደለም። ለጓሮዬ በሬ ካደረጉት ሩቡን ያድርጉላት፤ ድንጋይዋ ወደ ቦታው ይመለስ፣ መኪናዎም ከላይዋ ይነሣ።

ትከሻዎ ሰፊ፣ ዕድሜዎ ረጅም ይሁን እያልኩ፣ በክልሉ ውስጥ በፊርማ የምተኛ፣ የሁለት ዶሮ ጥፋተኞች አሳዳሪና የክቡርነትዎ ትሑት አገልጋይ፣

ልብስ ሰፊው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ከጨረስኩ በኋላ አንድ ነገር ተፈጠረ። ቅዳሜ ዕለት ቡቺን ይዤ ባለቤቴን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ባለ ልኳንዳው ለመንገዱ አንድ ቅልጥም ሰጥቶት ስለነበር፣ ውሻው እንደ ልማዱ ከመኪናዎ የፊት ጎማ አጠገብ ቆፍሮ ቀበረው። ሰኞ ዕለት እኔ አገኘሁትና፣ ሕግ አክባሪ ነኝና፣ ወዲያው አስመዘገብኩ። የመዝገብ ቤቷ ልጅ ፋይሉን የከፈተችው ሳቋን እየዋጠች ነው። የበሬ ነው እንዳይሉኝ፤ ያንን መወሰን የሚችለው ባለሙያው ብቻ እንደሆነ የጻፉልኝ ወረቀት በእጄ ነው፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ገመዱ ዛሬ ጠዋት ተዘርግቷል። መኪናዎ ከሃምሳ እርምጃ ወዲያ ስለሚቆም ክቡርነትዎም እንደ እኔ የእግር ጉዞ ይለምዳሉ። እኔ መዝገቡ ላይ ፈርሜ፣ «የመጡበት ምክንያት» በሚለው ሥር «ሚስቴ» ብዬ ሞልቼ፣ ወንበሬን ይዤ ገብቻለሁ። በዓመታዊው ቀን የአበባ ጉንጉንዎን ይዘው ሲመጡ ግን አደራ፣ ትንሽ ወደ ግራ ጠጋ አድርገው ያኑሩት። በሬው በቀኝ በኩል ነው።