ጀይላን ኮምፒዩተሩን ያጸዳ ዕለት

ሸዋ ሮቢት፣ ሚያዝያ 1981 ዓ.ም.

ይድረስ ጅዳ ላለው ወንድሜ ለበድሩ።

አሰላሙ ዓለይኩም። ሰላምታ የአላህ ስለሆነ ነው እንጂ እኔስ ላንተ አልነበረኝም። እኛ ከሙቀቱ በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

«ኮምፒዩተሩ ይሠራል ወይ?» ብለህ ጽፈሃል። ስለ ልጅህ አንዲት ቃል የለህም! ልጅህን ውሰድ ስልህ ሣጥን ላክህ። ሣጥኑም ጥቂት ሠርቶ ተበላሽቶ ነበር። ልጅህ ጀይላን «ውስጡ ያለው ሁሉ ጠፍቶ ፕሮግራሙ ከዲስኩ እንደ አዲስ ይጫናል» አለ። መብራት በሄደ ቁጥር ከሀ እየጀመረ ሦስት ቀን ለፋበት። እናታችን እሱ ቁርአን እንደጻፈበት ስለምታውቅ፣ እንደ ቁርአን ቤት የእንጨት ሉህ በውኃ የሚታጠብ መስሏት ንጹሕ ጣሳ አቀረበች። «እጣቢውን ሰው በማይረግጠው ቦታ ድፋው» አለችው። አልሳቀባትም፤ ጣሳውን ተቀብሎ እጇን ሳመ።

ሲያበቃ የራሱን አንድም ነገር አልመለሰበትም። «አክስቴ፣ እንዲህ ነው የሚከፈተው» እያለ እኔን አስጠናኝ። እኔ ምን ላደርገው?

ለውትድርና ጎረምሶችን የሚመዘግበው የቀበሌው ሊቀመንበር የልጅህን ዕድሜ ሁለቴ ጠየቀኝ። በረባሶ ያሳፍረኛል ይል የነበረው ልጅ ከገበያ አዲስ በረባሶ ገዝቷል። ከአፋር ግመለኞች ጋር ቆሞ ሲያወራም አይቼዋለሁ።

አንተም ቁርአን ቀርተህ ነው ያደግኸው። ሉሁን አጥቦ ለሌላ የሚያስረክበው የትኛው ደረሳ እንደሆነ ከእኔ በላይ ታውቃለህ።

ኮምፒዩተሩ ደህና ነው። አላህ ይህችን ወረቀት ከእግረኛ አስቀድሞ ያድርስልህ።

ታላቅ እህትህ ሙሀባ