የአባዬ ላንድሮቨር ካምቢዮ

ጋምቤላ፣ መጋቢት 12

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ እማዬ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይ? እኔ ይመስገነው ደህና ነኝ፤ ሙቀቱ ብቻ አስተምሬ ስወጣ ሸሚዜን ያስጨምቀኛል። የአንተን ተወውና የመኪናውን ንገረኝ እንደምትዪ አውቃለሁ። የአባትህ ላንድሮቨር እስከ ፋሲካ ካልተነሳ ለቆራሌው ስጠው፣ የዶሮ ማደሪያ ሆኖ ማየት አልችልም ብለሽኝ የለ? እስቲ ከመጀመሪያው ላውራሽ።

ካምቢዮው አልቆ ሁለተኛ ማርሽ ይተፋ ነበር። ስፈልግ ስፈልግ ከአንድ ሻጭ ያገለገለ አገኘሁ፤ ተወልውሎ፣ ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቃል። እኔ ሞኙ ልጅሽ በደስታ ልጭነው ስል መካኒኳ ቆይ አለችኝ። አዎ፣ መካኒኳ! ባለፈው ለዚያ ለመካኒኩ እግዜር ይስጥልኝ በልልኝ ስትዪኝ ሳላርምሽ ቀረሁ። ስሟ ኛቦል ነው። የኢታንግ ልጅ ናት፤ ባሮ ድልድይ አጠገብ የራሷ ጋራዥ አላት።

ቀለሙን ቀና ብላም አላየችው። መጀመሪያ ዘይቱን ነጭ ጨርቅ ላይ አፈሰሰችው። እንደ ማር ወፍሯል፤ ድምፅ ለመደበቅ የተሞላ ነው አለች። ክዳኑን ፈታች፣ ማርሾቹን አንድ በአንድ በጣቷ ዳሰሰች፣ ከዚያ እያንዳንዱን እያስገባች ጆሮዋን አስጠግታ በእጇ አዞረች። ሁለተኛው ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ለካ ጥርሱ ተሸራርፏል! ሻጩ ሲምል ሲገዘት፣ እሷ ረጋ ብላ፣ በእኛ ዘንድ ለሴት ልጅ ጥሎሽ ላም ሲመጣ የልጅቷ ወንድሞች የላሟን ቆዳ ማማር አያዩም፣ አፏን ከፍተው ያያሉ፣ ያስኬዷታል አለችው። ሰውዬው ካምቢዮውን አሸክሞ ሄደ።

በሁለተኛው ሳምንት ራሷ ከጎግ ሌላ አስመጣች፤ ጭቃ የጋገረበት፣ ላየው የሚያስጠላ። ይሄ ነው እንዴ? ብዬ ፊቴን አኮሳተርኩ። ዘይቱ ከሰል ቢመስልም ጨርቁ ላይ አንዲት የብረት ብናኝ አልታየችም። አራቱም ማርሾች፣ የኋላ ማርሹም ሳይቀር፣ ሲያስገቧቸው ቀጥ ብለው ገቡ። ያን ጊዜ ሳቀች። ያንን ሳቅ ባየሽው! ሁለት ቀን ሙሉ መኪናው ሥር ተኝታ ገጠመችው። እጇ ይባረክ!

ቅዳሜ ለሙከራ ኢታንግ ድረስ ሄድን። ድምፁ አባዬ ሲነዳው የምንሰማው ራሱ ነው፤ አልደብቅሽም፣ እንባዬ መጣ። ሦስት ወንድሞቿ ዛፍ ሥር ሆነው ጠበቁን። መኪናውን ከቁም ነገርም አልቆጠሩት። እኔን ግን ውኃ አምጣ ብለው እስከ ቧንቧው ላኩኝ። ጀሪካኑን ተሸክሜ ስመለስ ሦስቱም እግር እግሬን ያያሉ፤ ኛቦል ፊቷን አዙራ ትስቃለች። ጀሪካኑ ቢከብደኝም ቀጥ ብዬ ተራመድኩ።

እንግዲህ ላንድሮቨሩ አይሸጥም። ለፋሲካ ነይ፤ መናኸሪያ በእሱ ነው የምቀበልሽ። ጥሩውን ቀሚስሽን አትርሺ። ደግሞ ጎረቤትሽን ጋሼ ረታን ስንት የሚሸጡ ላሞች እንዳሏቸው ጠይቂልኝ። የሚያማምሩትን አይደለም፣ ደህና አድርገው የሚራመዱትን።

ጾሙን በሰላም አስፈጽሞ ዓይን ለዓይን ያገናኘን።

አረማመዱ የተመረመረው ልጅሽ